ሜሞሪ ሊክና ግትር ባጎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢሯችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የሚሠራው ደስ ሲለው ብቻ። ሥራችን ትናንሽ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገባ ሶፍትዌር በሲ ቋንቋ መጻፍ ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ጊዜያችን የሚያልቀው የጻፍነውን በመጠገን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአምስት ኪሎ ተማሪዎች ይመጣሉ። አንዳንዴ ሌላ ቦታ የሚሠሩ ልጆችም ይደውላሉ። የሚጠይቁት ነገር ይመሳሰላል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል አልኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

«ባግ» የምለው የፕሮግራም ስህተትን ነው። እናቴ ስልክ ሳወራ ሰምታኝ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ስትፈልገው ያደርከው በግ ተገኘ ወይ?» ብላኛለች።

ሜሞሪ ሊክ ሲባል ምን ማለት ነው?

የእድር ዕቃ ቤት አስቡ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ይመጣል፤ 40 ወንበርና አንድ ድንኳን ይወስዳል። ንብረት ያዡ ይመዘግባል። ሰውየው ሲጨርስ ይመልሳል፤ ንብረት ያዡ ይሰርዛል። ሲ ውስጥ «ማሎክ» ብላችሁ ስትጠሩ ወንበር፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ቁራጭ፣ ወሰዳችሁ ማለት ነው። «ፍሪ» ስትሉ መለሳችሁ። ሊክ ማለት ወስዶ አለመመለስ ነው።

የባሰው ደግሞ ወንበሩን የት እንዳስቀመጡት መርሳት ነው። የሜሞሪውን አድራሻ የያዘው ፖይንተር በሌላ ዋጋ ከተተካ፣ ልመልስ ብትሉም አትችሉም። ወንበሩ አለ። መዝገቡ ላይ በስማችሁ ተጽፏል። ማንም ግን አይቀመጥበትም።

በጃቫና በፓይተን ቋንቋዎች ዕቃውን እየዞረ የሚሰበስብ ሠራተኛ አለ። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው ሲ ግን እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለውም። የወሰደ ራሱ ይመልሳል፤ በቃ።

በየጊዜው የሚጠፋው 64 ባይት ብቻ ነው። ይሄም ችግር ነው?

ሒሳቡን እንሥራው። 64 ባይት በሰከንድ አንዴ ብትጠፋ፣ በቀን 86,400 ጊዜ ትጠፋለች። ይሄ 5.5 ሜጋባይት ያህል ነው። በሰከንድ 100 ጥያቄ የሚያስተናግድ ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ በቀን 553 ሜጋባይት ይሆናል። 8 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተሩ ሜሞሪ) ሌላ ሥራ ባይኖርበት እንኳ በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ ያልቃል።

ሲያልቅ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም «ኦኦኤም ኪለር» የሚባለውን ይጠራል። እሱ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሮጠ ላለ ፕሮግራም) ነጥብ ሰጥቶ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ጥፋተኛው ነው። ግን አንዳንዴ ዳታቤዙ ብዙ ስለያዘ ብቻ በሌላው ጥፋት ይሄዳል። እናንተም ዳታቤዙ ላይ ሁለት ቀን ታጠፋላችሁ።

በሌላ በኩል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ብቻ የወሰደውንና እስከ መጨረሻው የሚጠቀምበትን ሜሞሪ ባይመልስ ብዙ አትጨነቁ። ፕሮሰሱ ሲያበቃ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሁሉንም ይሰበስበዋል። የሚያስፈራው ሉፕ ውስጥ፣ ማለትም እየተደጋገመ በሚሮጥ ኮድ ውስጥ፣ ያለው ነው።

ሪስታርት ስናደርገው ይስተካከላል። ታዲያ ለምን እንድከም?

ይሄን ከደንበኛም ከፕሮግራመርም እኩል እሰማዋለሁ። በአንድ ታሪክ ልመልስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጄኔሬተር ነዳጅ መጠን የምትከታተል ትንሽ ሣጥን ሠራን። በሰከንድ አንዴ ታነባለች፤ ትመዘግባለች። ነፃ የነበራት ሜሞሪ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ገጠምናት፤ ሰባት ወር ያለ ኮሽታ ሠራች። እኛም ኮራን። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ባትሪ አስገባ። አሁን መብራት ቢጠፋም ሣጥኗ አትጠፋም። በ11ኛው ቀን ዝም አለች። አጥፍተው አበሯት፤ ተነሳች። እንደገና በ11ኛው ቀን ዝም።

ላይኛውን ሒሳብ ያነበበ ሰው ገብቶታል። በእያንዳንዱ ንባብ ሰዓቱን ለመጻፍ 64 ባይት እንወስድና አንመልስም ነበር። ከባትሪው በፊት ግን መብራት በሳምንት አንዴም ሁለቴም ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ሣጥኗ ከዜሮ ትጀምራለች። ሰባት ወር ሙሉ ያዳነን ጥሩ ኮዳችን ሳይሆን የመብራት መቆራረጡ ነበር። ደንበኛው ባትሪ በማስገባቱ «አበላሸብን» ልንለው ምንም አልቀረንም።

የሪስታርት ነገር ቀልድ ያልሆነበትም ጊዜ አለ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ዳህራን ላይ የነበረ የፓትሪዮት ሚሳይል መከላከያ ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሠርቶ ነበር። ሶፍትዌሩ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ይሄ ቁጥር በ24 ቢት ሲጻፍ ትንሽ ይቆረጣል። የተቆረጠችው ነገር እየተጠራቀመች 0.34 ሰከንድ ያህል ደረሰች። በዚህች ጊዜ ውስጥ ስከድ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መከላከያው የተሳሳተ ቦታ አየ፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። በጣም ረጅም ጊዜ ሳይጠፋ መሥራት ችግር እንደሚያመጣ ቀደም ብሎ መልእክት ተልኮ ነበር። «በጣም ረጅም» ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልተጻፈም። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

ይሄ ሜሞሪ ሊክ አይደለም፤ የቁጥር ስህተት ነው። ዊንዶውስ 95 በ49.7 ቀኑ ቀጥ ይል የነበረውም፣ ቦይንግ 787 ላይ በ2015 የተገኘው የ248 ቀን ችግርም ከቆጣሪ መሙላት የመጡ ናቸው። ከእኛ ሣጥን ጋር የሚያገናኛቸው ብዙ ጊዜ ሳይጠፉ ሲሠሩ ብቻ የሚታዩ መሆናቸው ነው።

ሪስታርት ማድረግ ክልክል ነው አላልኩም። እኔም ሁሉም መሣሪያዎቼ ላይ ራሱ ሪስታርት የሚያደርግ ዋችዶግ አደርጋለሁ። ግን ስንት ጊዜ እንዳደረገ ይቆጥራል፤ ለእኛም ይልካል። እናንተም ከማጥፋታችሁ በፊት ማስረጃውን ያዙ። የሜሞሪውን መጠን፣ ሎጉን (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ)፣ ከተነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነው። ስታጠፉት አብሮ ይጠፋል።

ሊኑክስ ላይ ነፃ ሜሞሪ የለም ይለኛል። ሊክ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ሊኑክስ ባዶ የተቀመጠ ራም አይወድም። ያነበባቸውን ፋይሎች እዚያው ያስቀምጣቸዋል፤ ሌላ ፕሮግራም ሲፈልግ ይለቅለታል። «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ስታዩ (ይሄ ደግሞ የሲው ፍሪ አይደለም፣ ስማቸው ነው አንድ የሆነው) መጀመሪያ የምታዩት «አቬይለብል» (ለፕሮግራሞች ሊሰጥ የሚችል) የሚለውን ዓምድ ይሁን።

የአንድን ፕሮሰስ ሊክ ለማወቅ፣ «ፕሮክ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ስታተስ የሚባል ፋይል አለ። እዚያ ላይ «ቪኤምአርኤስኤስ» (ፕሮሰሱ አሁን የያዘው ራም) የሚለውን መስመር በየአምስት ደቂቃው መዝግባችሁ ግራፍ አድርጉት። ወጥቶ ሜዳ ላይ ከተኛ ጤነኛ ነው። እንደ እንጦጦ ዳገት ዝም ብሎ ከወጣ ሊክ ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሪ ስላላችሁ ብቻ ሜሞሪው ወደ ከርነሉ አይመለስም። ማሎክና ፍሪ ያሉበት ላይብረሪ ነገ ትፈልጉታላችሁ ብሎ ራሱ ጋ ያቆየዋል። በየመሃሉ ትናንሽ ቁራጮች ከተያዙ ደግሞ ትልቁን መመለስ አይችልም። የእድሩ ወንበር ተመልሷል፣ ግን አንድ ሰው ጥግ ላይ ስለተቀመጠ አዳራሹን መዝጋት አልተቻለም እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሊክ አይቆምም።

ባጉን ፍለጋ ከየት ልጀምር?

ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት ባጉን በፈለጋችሁት ሰዓት ማምጣት ቻሉ። ይሄ የሥራው ግማሽ ነው። እንደፈለገ ሲመጣና ሲሄድ የነበረን ባግ «አስተካከልኩት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ በምን አወቅህ እለዋለሁ።

ተራ ቁጥር የምትሰጥ ማሽን ነበረችን። ሰው ቁልፍ ይጫናል፤ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይወጣል። አንዳንድ ቀን ትሞታለች። ሎጉ ላይ ምንም የለም። ሁለት ሳምንት ኮዱን አነበብን፤ ምንም አጣን። አንድ ቀን ጥበቃ ላይ ያሉት አባት ናቸው የፈቱት። «ይቺ እኮ የምትሞተው ከምሳ በኋላ ነው» አሉን። ሰዓቶቹን ስናያቸው እውነት ነው፤ ሁሉም ከሰባት ሰዓት በኋላ።

ምሳ ሰዓት ላይ ምን ይለያል? ወረቀት የምትቀይረው ልጅ የለችም። ወረቀት ሲያልቅ ፕሮግራሙ በሰከንድ አምስት ጊዜ እንደገና ይሞክራል። በእያንዳንዱ ሙከራ 2 ኪሎባይት ይወስዳል። ሕትመቱ ከተሳካ ይመልሳል። ካልተሳካ ግን ፈንክሽኑ (ሕትመቱን የሚሠራው የኮድ ክፍል) ከመሃል ስህተት ብሎ ይወጣል፤ ፍሪ የሚለው መስመር ከታች ነው። በሰዓት 36 ሜጋባይት ማለት ነው። ማሽኗ የነበራት 40 ነው። ልጅቷ ቶሎ ከተመለሰች ደህና፤ ወረፋ ያለበት ምግብ ቤት ከሄደች ማሽኗ ሞተች።

ብዙ ሊክ እንዲህ ነው። ሁሉ ነገር ሲሳካ ኮዱ ትክክል ነው። ስህተት ሲፈጠር በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው የሚያፈሰው፤ ያን መንገድ ደግሞ ማንም አይሞክረውም። ስለዚህ ወረቀቱን አውጡት፤ ኔትወርኩን ንቀሉት፤ ዲስኩን ሙሉት፤ ከዚያ ሜሞሪውን እዩ።

ትናንት የሚሠራ ዛሬ እምቢ ካለ ደግሞ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ «ባይሴክት» የሚባለውን ተጠቀሙ። ደህና የነበረበትንና የተበላሸበትን ትነግሩታላችሁ፤ እሱ መሃሉን እየሰጠ ያስሞክራችኋል። አንድ ሺህ ለውጥ መካከል ጥፋተኛውን ለማግኘት አሥር ሙከራ ገደማ ይበቃል።

ቫልግራይንድ ይሻላል ወይስ አድረስ ሳኒታይዘር?

ሁለቱም የሜሞሪ ስህተት የሚይዙ መሣሪያዎች ናቸው። ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) ከቻላችሁ በአድረስ ሳኒታይዘር ጀምሩ። ጂሲሲም ክላንግም የሚባሉት ኮምፓይለሮች ውስጥ አለ፤ አንድ አማራጭ መጨመር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በግምት ሁለት እጥፍ ይዘገያል። ሜሞሪም ብዙ ይፈልጋል። ግን ስህተቱ የተፈጠረበትን መስመር፣ ሜሞሪው የተወሰደበትንና የተመለሰበትን ቦታ ሁሉ ይነግራችኋል። የሊክ ዝርዝሩን የሚያወጣው ፕሮግራሙ በሰላም ሲያበቃ ነው። መሃል ላይ ገድለውት «ምንም አላለኝም» ብለው የመጡ አሉ።

ቫልግራይንድ ከ2002 ጀምሮ አለ። ኮምፓይል ማድረግ ሳያስፈልግ ያለውን ፕሮግራም ራሱ ውስጥ ያስሮጠዋል። ዋጋው መዘግየት ነው፤ ከ20 እስከ 30 እጥፍ የተለመደ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አስነስታችሁት ቡና አፍልታችሁ ሦስተኛውን ትደርሳላችሁ። ጥሩ ጎኑ፣ ዋጋ ያልተሰጠውን ተለዋዋጭ መጠቀማችሁንም ይይዛል። አድረስ ሳኒታይዘር ይሄን አያይም። ሁለቱን በአንድ ላይ አታስነሱ፤ አይስማሙም።

የቫልግራይንድ ሪፖርት ረጅም ስለሆነ ብዙዎች ይደነግጣሉ። «ደፊኒትሊ ሎስት» ከሚለው ጀምሩ። ፖይንተሩ የጠፋበት፣ ያለቀለት ነው። «ኢንዳይሬክትሊ ሎስት» የሚለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሲስተካከል አብሮ ይሄዳል። «ስቲል ሪቸብል» የሚለው አሁንም አድራሻው የሚታወቅ ነው፤ ለመጨረሻ አቆዩት። ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። የሚያድግ ዝርዝር ውስጥ እየከተቱ አለማውጣትም ሊክ ነው፤ መሣሪያው ግን «አድራሻው አለ» ብሎ ያልፈዋል።

መሣሪያችሁ ትንሽ ስለሆነች ሁለቱም ካልሠሩባት፣ ሃርድዌሩን የሚነካውን ክፍል ለይታችሁ የቀረውን ላፕቶፕ ላይ አስነሱት። ኮዱ አልለይ ካለ ራሱ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ፍሪ ካደረግኩት በኋላ ስጠቀምበትም ይሠራል። ስህተት ነው እንዴ?

ነው። ወንበሩን መልሳችሁ ስታበቁ ተመልሳችሁ ተቀመጣችሁበት። ንብረት ያዡ ለሌላ ሰው እስኪሰጠው ድረስ ማንም አይናገራችሁም። የሰጠው ቀን ግን ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ ነው። እናንተ የጻፋችሁት የሌላውን መረጃ ያበላሻል። ክራሹ የሚመጣው ደግሞ ከስህተቱ ሌላ ቦታ፣ ምንም ባላጠፋ ኮድ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ፍሪ ማድረግም ያው ነው፤ መዝገቡ ራሱ ይበላሻል።

ፍሪ ካላችሁ በኋላ ፖይንተሩን ናል (የትም የማያመለክት) ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ያንኑ አድራሻ ሌላ ፖይንተር ይዞት ከሆነ አይረዳም። የሚረዳው ለእያንዳንዱ ሜሞሪ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መወሰን ነው። የሚመልሰው የወሰደው ነው ወይስ የተቀበለው? እኛ ቢሮ ይሄ ከፈንክሽኑ በላይ በአንድ መስመር ካልተጻፈ ኮዱ አያልፍም። አዲስ ልጅ ሲገባ ይበሳጫል፤ ከሁለት ወር በኋላ እሱው ነው ሌላውን የሚቆጣው።

ኮዱ ውስጥ ስክሪን ላይ የሚያትም መስመር ስጨምር ባጉ ይጠፋል። አብጄ ነው?

አይደለም። ስታዩት የሚደበቀውን «ሃይዘንባግ» ይሉታል። መስመሩ ሲጨመር የሜሞሪው አቀማመጥ ወይም የጊዜው ቅደም ተከተል ይቀየራል። ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ፣ ከወሰን ያለፈ ጽሑፍ፣ ወይም ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጡ የፕሮግራሙ ክፍሎች) ያለ ሎክ፣ ማለትም ተራ ሳይጠባበቁ፣ የሚነካኩት ነገር አለ ማለት ነው። መስመሩን ትታችሁ «ተስተካክሏል» ብላችሁ እንዳትልኩት። የላከ ሰው አውቃለሁ፤ መስታወት ላይ አየዋለሁ።

የእንግሊዝኛ ስም ሲገባ ይሠራል፣ የአማርኛ ስም ሲገባ ክራሽ ያደርጋል። ለምን?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የራሳችን ባግ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 ነው። ዩኒኮድን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል፤ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት። ለስም 20 ባይት የመደበ ፕሮግራመር 20 ፊደል የሰጠን መስሎታል። የሰጠን ስድስት ነው።

አሁን ሙከራው ላይ «አበበ» ብላችሁ አስገቡ። 9 ባይት፤ ሰላም ነው። «ገብረመድህን» ብላችሁ አስገቡ። ሰባት ፊደል፣ 21 ባይት፣ የማብቂያው ዜሮ ሲጨመር 22። ሁለት ባይት አጥር ዘሎ ጎረቤት ግቢ ገባ። ሁለት ባይት ስለሆነ ወዲያው ላይታይ ይችላል። የአያት ስም ያለው ሙሉ ስም ሲመጣ ግን 57 ባይት ሊደርስ ይችላል። ያኔ ሌላው ተለዋዋጭ ብቻ ሳይሆን የፈንክሽኑ መመለሻ አድራሻ ራሱ ይደመሰሳል። ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍተውም ይኸው ነው።

ጽሑፍ እስከ ተወሰነ ርዝመት የሚቀዳውን ፈንክሽን «ስትርኤንኮፒ ተጠቀምኩ፣ ድኛለሁ» የሚሉ አሉ። ስትርኤንኮፒ ቦታ ከጠበበው ማብቂያ ዜሮውን አያስቀምጥም። «ኤስኤንፕሪንትኤፍ» ያስቀምጣል። ግን እሱም ፊደል መሃል ላይ ይቆርጣል። ስሙ ጫፍ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ የምታዩት ለዚህ ነው። ስትቆርጡ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የፊደሉን መጀመሪያ ፈልጉ።

ሌላም አለ። የፊደል ገበታችን የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ «ቻር» (ሲ አንድ ባይት የሚይዝበት ዓይነት) በተለምዶ ምልክት ያለው ቁጥር ስለሆነ፣ ይሄው ባይት −31 ሆኖ ይነበባል። እሱን ይዛችሁ ሠንጠረዥ ውስጥ ከፈለጋችሁ ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ሜሞሪ ታነባላችሁ። አርም ፕሮሰሰር ላይ ሊኑክስ ሲሆን ደግሞ ቻር ምልክት የለውም፤ 225 ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው ላይ ይሠራል፣ ላፕቶፑ ላይ ክራሽ ያደርጋል፤ ወይም በተቃራኒው። «አንሳይንድ ቻር» ማለት ይገላግላል።

ባጉ ከርነል ውስጥ ቢሆንስ?

እዚያ ቀልድ የለም። የተራ ፕሮግራም ሊክ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ይሰበሰባል። ድራይቨራችሁ (ከርነሉ ውስጥ ሆኖ ሃርድዌሩን የሚያዘው ኮድ) ያፈሰሰው ግን ድራይቨሩን ብታወርዱትም አይመለስም፤ ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሳ ይቆያል። መጀመሪያ በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ላይ ሥሩ። የራሳችሁን ላፕቶፕ ከርነል እየቀያየራችሁ ፋይላችሁን አጥታችሁ እንዳትመጡ።

ለሊክ «ኬሜምሊክ» አለ፤ ከ2.6.31 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ነው። ሲበራ በየ10 ደቂቃው ሜሞሪውን እያሰሰ አድራሻው የትም ያልተገኘውን ይዘረዝራል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካሰሰ በኋላ የቀረውን እመኑ። ከወሰን ላለፈና ከፍሪ በኋላ ለተነካ ደግሞ «ካሳን» አለ።

«ጎቱ» (ኮዱ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ የሚያዘልል ትእዛዝ) ሐጢአት ነው ተብላችሁ የተማራችሁ እዚህ ትገረማላችሁ። ሊኑክስ ውስጥ ከስህተት መውጫው አንድ ቦታ ሆኖ፣ በጎቱ እየዘለሉ የወሰዱትን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል መመለስ የተለመደ ነው። የማሽናችን የወረቀት ባግ በዚህ ተጽፎ ቢሆን አይፈጠርም ነበር።

ሊክ የሚያደርገው ሜሞሪ ብቻ ነው?

የለም። ፋይል ከፍቶ አለመዝጋትም ሊክ ነው። ለአንድ ፕሮሰስ የተለመደው ገደብ 1024 ነው። ነፃ ራም ተትረፍርፎ ሳለ አዲስ ፋይል ወይም ግንኙነት አልከፍትም ካለ፣ ፕሮክ ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር «ኤፍዲ» የሚለውን ፎልደር ቁጠሩ።

ሃርትብሊድ ሜሞሪ ሊክ ነበር?

ስሙ ያሳስታል። በ2014፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 7፣ ይፋ የሆነው ይሄ የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን ምስጢር የሚጠብቅ ሶፍትዌር) ስህተት ሜሞሪን ያለመመለስ አልነበረም። «ይሄን ቃል መልስልኝ፣ ርዝመቱ 64 ሺህ ነው» ሲባል፣ ቃሉ ሦስት ፊደል ብቻ መሆኑን ሳያይ ከጎኑ ያለውን ሁሉ አንስቶ የሚሰጥ ኮድ ነበር። ያፈሰሰው ምስጢር ነው።

ራስት የሚባለውን ቋንቋ ብንማር ከዚህ ሁሉ አንገላገልም?

ከብዙው ትገላገላላችሁ። ማይክሮሶፍት በ2019 ከደኅንነት ስህተቶቹ፣ የክሮም ቡድን በ2020 ከከባድ የደኅንነት ስህተቶቹ 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ የመጡ ናቸው ብለዋል። ራስት ከፍሪ በኋላ መጠቀምንና ከወሰን ማለፍን በአብዛኛው ኮምፓይል ሲሆን ወይም ሲሮጥ ያቆማል። ከ2022 ማብቂያ፣ ከ6.1 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥም ገብቷል።

ሊክን ግን አይከለክልም። እርስ በርሳቸው የሚያያዙ ሁለት ነገሮች በራስትም ሳይመለሱ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ቋንቋው ይሄን እንደ አደጋ አይቆጥረውም። አዲስ ሥራ ከሆነ እኔ ራሴ ራስትን እመርጣለሁ። ነገ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ሥራ ግን በሲ የተጻፈ ነው፤ እሱን ማንም ቁጭ ብሎ እንደገና አይጽፍላችሁም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እናድርግ?

«ማን» የሚባሉትን የመመሪያ ገጾች ቀድማችሁ ጫኑ። ስለ ማሎክና ስለ ሪአሎክ (የተወሰደን ሜሞሪ መጠን የሚቀይረው) የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ አለ። ለምሳሌ ሪአሎክ ካልተሳካለት ናል ይመልሳል፤ አሮጌው ሜሞሪ ግን እንዳለ ነው። መልሱን እዚያው አሮጌው ፖይንተር ላይ የሚጽፍ ሰው በአንድ መስመር ሊክ ሠራ። ይሄን ከመጣችሁልኝ ኮዶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ።

ቅዳሜ ስንመጣ ምን ይዘን እንምጣ?

ባጉ አሁንም የሚታይበትን ትንሹን ኮድ። ሙሉውን ፕሮጀክት አይደለም፤ ስትቀንሱት ግማሾቻችሁ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ክራሽ ከሆነ ኮር ደምፑን (ፕሮግራሙ ሲሞት የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ)፣ ያንኑ ክራሽ ያደረገውን ባይነሪ፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረገውን ፋይል፣ ጨምራችሁ። እንደገና ኮምፓይል ያደረጋችሁት ከሆነ ባግ የምንፈልግበት ጂዲቢ የተሳሳተ መስመር ያሳየናል። ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚሞት በወረቀት ጻፉ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትምጡ፤ ግማሹ ሁልጊዜ ነጸብራቅ ነው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ አለን። ታች ካለው ካፌ ማኪያቶ ይመጣል፤ የሚከፍለው ሁለቴ ፍሪ ያደረገው ነው።